ሞተሩ ሳይነሣ የሚቆጠር ሰዓት

እንቅልፍ በዓይኗ ሳይዞር ነጋ። ነጋ ከተባለ ነው እንጂ የናይሮቢ የሐምሌ ደመና ወርዶ ሣሩ ላይ ተጋድሟል፤ ዙለይካ ሌሊቱን ሙሉ ስትለምነው ያደረችውን እንቅልፍ እሱ ነጥቋት ለጥ ብሎ ተኝቶበታል፤ የማኮብኮቢያው መጨረሻ አይታይም፣ የነፋስ መጠቆሚያው ጨርቅ አይታይም፣ ትንንሾቹ አውሮፕላኖች እንኳ ክንፋቸው ብቅ ብሎ ሌላው ገላቸው ጠፍቷል፣ እና ማንም አይበርም፣ እሷም ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ በቆርቆሮው መጠለያ ሥር አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ጭኗ ላይ ያለችውን የመዳፍ ስፋት ያላት ነጭ ካርድ ታያለች፣ ካርዷም እሷን ታያታለች። ስም፣ ዙለይካ ዓብዱልባሲጥ። ሥራ፣ የበረራ አስተማሪ። ስልክ፣ ተጽፏል። የሰዓት ዋጋ፣ ባዶ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ባዶ። የበረራ ክበቡ ጸሐፊ ትናንት ከመነጽሯ በላይ አየቻትና፣ ነገ ረፋድ ላይ የማስታወቂያ ሰሌዳውን አድሳለሁ፣ ቁጥር ያለው ካርድ ይለጠፋል፣ ቁጥር የሌለው አይለጠፍም፣ አለቻት። ቁጣ የለበትም አነጋገሯ። ሰው ስሙን ጽፎ ዋጋውን መጻፍ ለምን እንደሚያቅተው ግን ሴትዮዋ እስከ ዛሬ አልገባትም፣ እንዴትስ ይገባታል፣ እንደ ዙለይካ ነጌሌ አልተወለደች።

ዋጋ መጻፍ ምን ይከብዳል? የበረራ ትምህርት ቤት ተቀጥራ ሳለች ዋጋ የእሷ ጉዳይ አልነበረም፤ ተማሪው ለትምህርት ቤቱ በሰዓት አራት ሺህ ሺሊንግ ይከፍላል፣ ትምህርት ቤቱ ለእሷ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ይሰጣታል፣ መሀል ላይ ያለው የት እንደሚገባ መጠየቅ ነውር ነው፣ ያውም ሰዓቱ የሚቆጠረው አውሮፕላኑ ውስጥ ባለችው የሞተር ቆጣሪ ነው፣ ሞተሩ ሲነሣ መቁጠር ትጀምራለች፣ ሲጠፋ ታቆማለች፣ እና ተማሪውን ከበረራው በፊት ቁጭ አድርገሽ በወረቀት የምታስረጂው አይቆጠርም፣ ደመና እስኪገፈፍ አብረሽው የምትቀመጪው አይቆጠርም፣ ከወረዳችሁ በኋላ እዚህ ጋ እኮ ተሳሳትክ የምትይው አይቆጠርም፣ የማይቆጠረውን ነገር ደግሞ ሰው ሳያውቀው እያሳጠረው ይመጣል፣ ግማሽ ሰዓት የነበረው ሩብ ይሆናል፣ ሩቡ እየተራመዱ የሚነገር ነገር ይሆናል። ሁለት ወር ሆናት ከወጣች። ራሴን ልቻል ብላ ስትወጣ አለቃዋ ሣቀ፣ መመለስ ከፈለግሽ በሬ ሰኞ ሰኞ ክፍት ነው፣ አላት፣ እሷም በልቧ፣ በርህን ዝጋው፣ አለችው። በልቧ ነው። አሁን ግን ካርዷ ካልተለጠፈች አዲስ ተማሪ ከየት ይመጣል፣ አዲስ ተማሪ ካልመጣ የቤት ኪራዩ ከየት ይመጣል፣ ሰኞ ደግሞ ከነገ ወዲያ ነው።

አጠገቧ ባለው አግዳሚ ላይ የሚቀመጠው ጡረተኛ ፈረንጅ አስተማሪ በሰዓት አምስት ሺህ ይላል፣ ቅንድቡን እንኳ ሳያነሣ ይላል፤ ፈቃዳቸውን ገና ትናንት ያገኙት የአገሬው ልጆች ደግሞ የበረራ ሰዓት ለማጠራቀም ሲሉ በአንድ ሺህም ያስተምራሉ፣ አንዳንዱም በነጻ። እሷ የቱ ጋ ትቁም? ከፈረንጁ ጋር ብትቆም ማን ነኝ ብላ ነው፤ ከልጆቹ በታች ብትወርድ ደግሞ የልጆቹን እንጀራ ትቀማለች፤ አንደኛው ባለፈው ሳምንት፣ ካፕቴን፣ እናንተ የቆያችሁት ካረከሳችሁት እኛ ምን እንበላለን፣ ብሏታል፣ በትሕትና ነው ያላት፣ እውነቱን ነው፣ እሷም አፍራ ጫማዋን ስታይ ቆየች። የግብር መሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ እንኳ ጠይቋታል። የሥራ መስክ፣ ይላል፣ የሰዓት ክፍያ፣ ይላል፣ ባዶ ትታው ልትቀጥል ስትል ቀይ መስመር ያሰምርባታል፣ እንደገና ትሞክራለች፣ እንደገና ቀይ፤ በዚህ አገር ማሽኑም ሰውም ጸሐፊዋም ዋጋሽን በይ ይሏታል፣ እሷ ግን ባደገችበት ቤት ዋጋውን ራሱ የሚናገር ሰው ዓይን አውጣ ነው የሚባለው።

ይህ ሁሉ ግን ሰበብ ነው፣ ራሷም ታውቀዋለች። ካርዱን ባዶ ያደረገው ኢዩኤል ነው።

ኢዩኤል የእትዬ አበዛሽ ልጅ ነው፤ እትዬ አበዛሽ ደግሞ ነጌሌ ላይ ከእነ ዙለይካ ግቢ ጋር በአንድ አጥር የሚዋሰኑ፣ አንደኛ ክፍል ፊደል ያስቆጠሯት፣ አሁን ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። ልጁ ከሁለት ወር በፊት፣ እሷ ከትምህርት ቤቱ በወጣች ሰሞን፣ በሞያሌ በኩል መጣ፤ ያቤሎ ላይ ሆቴል ያለው አጎቱ የአውሮፕላኑን ኪራይ እችልልሃለሁ ብሎታል፣ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፣ ጭምት ነው፣ እና በመጀመሪያው ቀን፣ እዚሁ አግዳሚ ላይ፣ በደንብ አድርጎ፣ ሳያፍር፣ ዙሌ፣ ላንቺ በሰዓት ስንት ልክፈል? ብሎ ጠይቋት ነበር። ጠይቋት ነበር እኮ! አፏን ከፈተች፣ ቁጥሩ ምላሷ ጫፍ ደርሷል፣ እና ምን አለች፣ ተው እንጂ ኢዩኤል፣ እኔና አንተ ደግሞ፣ እንደመሰለህ፣ አለች። እንደመሰለህ። ነጌሌ ላይ ይህን ያለች ሴት አልፈልግም ማለቷ አይደለም፤ ሦስቴ ትጠየቃለች፣ ሦስቴ እንቢ ትላለች፣ በአራተኛው በግድ እጇ ላይ ይቀመጥላታል፣ ሰጪውም ያውቃል፣ ተቀባይዋም ታውቃለች፣ የሚታዘብም የለም። ኢዩኤል ግን አንድ ጊዜ ጠየቀና በዚያው ዝም አለ፤ እሷ አራተኛውን ስትጠብቅ ሁለተኛውም ሳይመጣ ቀረ። የመጣው ቅቤ ነው። እትዬ አበዛሽ በሞያሌ መኪና ቅቤ ላኩ፣ ከዚያ የወደራ ማር ላኩ፣ ከዚያ እንደገና ቅቤ ላኩ፤ ዛሬ ዙለይካ ቤት አራት ባልዲ ቅቤ አለ፣ ኪራይ የለም፣ አከራይዋ ደግሞ ቅቤ አትቀበልም።

ታዲያ ለምን አልተናገረችም፣ አፍ የላትም? አላት፤ ከመቆጣጠሪያ ማማው ጋር በሬዲዮ ስትነጋገር ድምጿ አይርገበገብም፣ ነጌሌ ሜዳ ላይ የእርዳታ አውሮፕላን አቧራ አስነሥቶ ሲያርፍ አይታ እኔም ይህን አበራለሁ ያለች ቀን መንደሩ ሁሉ ሲስቅባት አልደነገጠችም፣ በአሥራ ስምንት ዓመቷ አክስቷ ዘንድ፣ እዚሁ ናይሮቢ ኢስሊ ሰፈር መጥታ፣ ቀን በአክስቷ ሱቅ እየሸጠች ማታ እየተማረች ሰባት ዓመት ስትለፋ አልደከማትም። የእትዬ አበዛሽ ነገር ሲነሣ ግን ምላሷ ይታሰራል፣ ምክንያቱም እናቷ ስትታመም ዙለይካ እዚህ ነበረች። የአስተማሪነት ፈተናዋ ሳምንት ቀርቶት ነበር፤ ነገ ትፈተናለች ከነገ ወዲያ ትሄዳለች፣ ፈተናው በደመና ተላለፈ፣ እንደገና ተላለፈ፣ ነጌሌ ላይ ደግሞ እትዬ አበዛሽ እናቷን በባጃጅ ሆስፒታል ያመላልሳሉ፣ ልብሷን ያጥባሉ፣ ክርስቲያን ናቸው እሳቸው፣ ግን የሶላት ሰዓት ሲደርስ የውዱእ ውሃ ያቀርቡላታል፣ ምንጣፏን ያነጥፉላታል፣ ሲመሽ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ይይዙላታል፣ ዙሌ ናት፣ ስሚያት፣ ይሏታል፣ እናቷም፣ በላሽ ወይ? ትላለች፣ ሌላ ጥያቄ የላትም፣ በላሁ እማ፣ ትላለች ዙለይካ፣ ሳትበላ። ፈተናውን ያለፈች ዕለት ሮጣ ደወለች፤ ያነሡት እትዬ አበዛሽ ናቸው፣ ስሟን ጠርተው ዝም አሉ፣ ነገሩ ከዝምታቸው ገባት። እናቷ በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ ተቀበረች። አለመሄዷን እስከ ዛሬ ራሷን ይቅር አላለችውም፣ ይቅር የምትለውም አይመስላትም። እነዚያን ቀኖች በሰዓት ስንት ብላ ትተምናቸው? የእኒህን ሴት ልጅስ፣ ክፈለኝ፣ በምን አፏ ትበለው? ዙለይካ አሁን እያለቀሰች ነው፣ አግዳሚው ላይ፣ ጠዋት በብርሃን፣ ደግነቱ በዚህ ደመና ከሦስት እርምጃ ወዲያ የሚያያት የለም።

ትናንት አመሻሽ ላይ አባቷ ጋ ደውላ ነበር። ዓብዱልባሲጥ ከጉራጌ አገር በልጅነታቸው መጥተው ነጌሌ የቀሩ፣ መንግሥት በተለወጠ በሁለተኛው ዓመት የራሳቸውን ሱቅ ከፍተው ጨርቅ፣ ስኳር፣ ባትሪና የከብት መድኃኒት ሲሸጡ የኖሩ ሰው ናቸው፤ አሁን ጉልበታቸው ይዟቸው ሱቁን ወንድሟ ይሠራበታል፣ እሳቸው በሩ ላይ ወንበር አውጥተው አላፊ አግዳሚውን ሰላም ይላሉ።

"አባ፣ ዋጋ እንዴት ነበር የምትተምኑት?" አለቻቸው።

"የምን ዋጋ?"

"የማንኛውንም።"

ሣቁ። ከዚያ ሣቃቸውን አቆሙ፣ ልጃቸው ለዚህ ብላ ከናይሮቢ እንደማትደውል ገብቷቸዋል።

"ኩራን ታስታውሺዋለሽ? የሊበኑን፣ ረጅሙን?"

ታስታውሰዋለች። ዱላውን በሩ ላይ አስደግፎ ጎንበስ ብሎ የሚገባ፣ ለእሷ ከረሜላ ሳይገዛ የማይወጣ የሊበን ሜዳ ከብት አርቢ ነበር።

"ሱቁን የከፈትኩ ሰሞን ሰው ይወደኛል ብዬ በገዛሁበት ላይ ሳንቲም ነበር የምጨምረው" አሉ አባቷ። "እናትሽ፣ ልጆቹ አይበሉም ወይ? ትለኛለች፣ እኔ አልሰማም። ሱቁ አላበላ ሲለኝ በሳምንት ሦስት ቀን እየዘጋሁ የሌላ ነጋዴ ጭነት አጅቤ ወደራ ገበያ መሄድ ጀመርኩ። አንድ ቀን ስመለስ ኩራ የሱቄ ደጃፍ ላይ ተቀምጧል። ከሊበን በእግሩ መጥቶ፣ ዘግቼ ስለሄድኩ፣ ሁለት ቀን ጠብቆኛል። አካም፣ ናጋ? ሰላም ነው? አልኩት። ናጋ የለም፣ አለኝ። ከብቶቹ ታመው መድኃኒት ፈልጎ ነው። ሰጠሁት፣ ሮጠ፣ ግን አልደረሰም። ሁለት ላም ሞተበት።"

"ተጣላችሁ ታዲያ?"

"ቢጣላኝ ይሻለኝ ነበር። በሚቀጥለው ገበያ መጣና፣ ዓብዱልባሲጥ፣ አንተ ነማ ጋሪ ነህ፣ ጥሩ ሰው ነህ፣ ግን ርካሽ ዋጋህ ለእኔ ምን ሠራ? አንተ ርካሽ ሸጠህ፣ ሱቅ ዘግተህ ሄድህ፣ የእኔ ላሞች ሞቱ። ጨምርብኝ፣ ግን እዚህ ቁጭ በል፣ አለኝ። እኔም ከዚያ ወዲህ ቁጭ የምልበትን አብሬ አስከፍላለሁ። ማንም አልቀረብኝም፣ ልጄ። ለመሆኑ ማንን ልታስከፍዪ ነው?"

"አንድ የዚህ አገር ሰው ነው፣ አባ" አለች።

ዋሸቻቸው። ለአባቷ ዋሽታ ስልኩን ዘጋች፣ ከዚያ አልጋዋ ላይ ተጋድማ ጣሪያ ስታይ አደረች፤ እሳቸው ያወሩላት የኩራን ላሞች ነው፣ እሷ ግን ያየችው ሐሙስን ነው።

ሐሙስ ዕለት እንቅልፍ ወሰዳት፣ አየር ላይ። ማንም አያውቅም፣ ለማንም አልተናገረችም። ከኢዩኤል የማታገኘውን ለማካካስ ከሌሎች ተማሪዎች ጋር በቀን አምስትም ስድስትም ጊዜ መነሣት ጀምራለች፣ ያውም ስንት ነው ሲሏት አንዱን አንድ ሺህ፣ አንዱን አንድ ሺህ ሁለት መቶ፣ ፊቱን አይታ ነው የምትለው፤ ሐሙስ አምስተኛው በረራ ላይ ተማሪዋ አንዲት ቁጥብ የሒሳብ ሠራተኛ ናት፣ ከሜዳው ወደ ደቡብ ወጥተው እየተመለሱ ነው፣ ፀሐይዋ ጉልበቷ ላይ አርፋለች፣ ሞተሩ ሳይቆራረጥ ያጉረመርማል፣ ከታች ያለው ደረቅ ሜዳ ሊበንን ይመስላል፣ ግራር፣ ቀይ አፈር፣ የከብት ዱካ፣ እና ዙለይካ ሊበን ላይ ናት፣ ከአባቷ ጋር ጭነት መኪና ጋቢና ውስጥ፣ ራሷን አባቷ ትከሻ ላይ ጣል አድርጋ፣ ካፕቴን፣ ይላል አንድ ሰው፣ ካፕቴን፣ ከማማው ሁለት ጊዜ ጠሩን። ዓይኗን ስትገልጥ ሰማይ ነው። ምንም አልሆነም። መለሰችላቸው፣ ይቅርታ ጠየቀች፣ አሳረፉ፣ ተማሪዋ አመስግና ሄደች፣ ዙለይካ ሽንት ቤት ገብታ በሩን ቆልፋ ፊቷን በቀዝቃዛ ውሃ ደጋግማ ታጠበች። አየር ላይ ሳትጠራው የመጣው እንቅልፍ ከዚያ ቀን ወዲህ መሬት ላይ ሸሻት።

ስለዚህ ዛሬ ጠዋት አልቅሳ ስታበቃ እስክሪብቶ አወጣች። ፈረንጁ ስንት ይላል፣ ልጆቹ ስንት ይላሉ፣ እትዬ አበዛሽ ምን ይላሉ ማለቱን ተወችውና ሌላ ጥያቄ ጠየቀች፤ ዓይኔ ሳይከደን፣ ለእያንዳንዱ ተማሪ በፊትም በኋላም ቁጭ ብዬ፣ በቀን ስንት ሰዓት ላስተምር እችላለሁ? አራት። ከዚያ በላይ ውሸት ነው። እንግዲያው በቀን አራት ሰዓት አስተምራ፣ ደመና የሚውልባቸውን ቀኖች ጨምራ፣ ኪራይዋን፣ የዓመቱን የጤና ምርመራ፣ የፈቃድ ማደሻውን፣ ግብሩንና ለወንድሟ የምትልከውን የምትችልበት ዋጋ ስንት ነው? ሦስት ጊዜ ደመረች፣ ሦስቱንም ጊዜ ያው መጣ። ሦስት ሺህ። ከፈረንጁ ያንሳል፣ ልጆቹን አያፈናቅልም፣ ተማሪዎቿ ለትምህርት ቤቱ ይከፍሉ ከነበረውም በታች ነው። ደፋር ዋጋ አይደለም። ልክ የሆነ ዋጋ ነው፣ ፈራችውም አልፈራችውም ልክ ነው። ግን እስክሪብቶው ካርዱ ላይ አላረፈም፤ ካርዱ ከተለጠፈ ኢዩኤል ያነበዋል፣ ከሰሌዳ ላይ እንዲያነበው ደግሞ አትፈልግም፣ በአፏ ልትነግረው ይገባል፣ ያውም ዛሬ፣ ያውም ከመነሣታቸው በፊት። ዛሬ ኢዩኤል ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻውን ሊበር ነው፤ እሷ መዝገቡ ላይ ትፈርምለትና ከአውሮፕላኑ ትወርዳለች፣ እሱ ብቻውን ተነሥቶ አንድ ጊዜ ዞሮ ያርፋል። ከዚያ በኋላ ደስታ ነው፣ ፎቶ ነው፣ ደስታ መሀል ደግሞ ዋጋ አይነሣም፣ ራሷን ታውቃለች።

ስልኳ ጮኸ። እትዬ አበዛሽ ናቸው።

"ዙሌ፣ ልጄ፣ እንዴት አደርሽ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን፣ እትዬ። እርስዎ እንዴት አደሩ?"

"ምን ተኝቼ። ዛሬ ብቻውን ነው አሉ። እውነት ነው?"

"ደመናው ከተገፈፈ።"

"ከቤተ ክርስቲያን መመለሴ ነው። ዙሌ፣ ያንን ልጅ ከሰጠሁሽ ቀን ጀምሮ ሰላም ነኝ፣ ሌላ ሰው ጋ ቢሆን አብድ ነበር። አንቺ እያለሽ ምን ይሆናል ብዬ ነው። አደራሽን። ቅቤው ደረሰሽ?"

"ደርሷል እትዬ፣ ኧረ በቃኝ፣ አይላኩ።"

"ዝም በይ፣ ከስታለች አለኝ ኢዩኤል። ብይ።"

ስልኩ ተዘጋ፣ ዙለይካም ስልኩን እንደያዘች ቀረች፣ ብይ አሏት፣ በእናቷ ድምፅ ነው የሰማችው፣ እና አሁን ካልተናገረች መቼም አትናገርም፤ አደራ የተባለች ሴት ዋጋ ስትጠይቅ ምን ትመስላለች፣ ምንም ትምሰል፣ አደራ የተባለች ሴት አየር ላይ ስትተኛ የምትመስለውን አይታዋለች። ካርዱን ጉልበቷ ላይ አደላድላ 3,000 ብላ ጻፈች። ጸሐፊዋ በር ላይ እስክትወጣ አልጠበቀችም፣ ሄዳ በእጇ ሰጠቻት፣ ተመልሳ ተቀመጠች፣ ትልቁ ነገር ግን ወረቀቱ አልነበረም።

ኢዩኤል በደመናው ውስጥ መጣ፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሷል፣ ተላጭቷል፣ የበረራ መዝገቡን በሁለት እጁ ይዟል።

"ደመናው እየሳሳ ነው" አለ። "የነፋሱ ጨርቅ መታየት ጀመረ።"

"ቁጭ በል ኢዩኤል።"

ተቀመጠ። መዝገቡን ተቀበለችውና የምትፈርምበትን ገጽ ገለጠች፣ እስክሪብቶዋን መሀሉ ላይ አኖረች፣ ከዚያ ሳትቸኩል፣ ከማማው ጋር በምትነጋገርበት ድምፅ፣ ነገረችው።

"የመጀመሪያው ቀን ስንት ልክፈል ስትለኝ እንደመሰለህ አልኩህ። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ዋጋዬ በሰዓት ሦስት ሺህ ሺሊንግ ነው፣ ከዛሬ ጀምሮ። ያለፈውን አልጠይቅህም። ሰዓቱ በሞተሩ አይቆጠርም፤ እዚህ አግዳሚ ላይ ስንቀመጥ ይጀምራል፣ ተመልሰን ተነጋግረን ስንነሣ ያበቃል፣ ሞተሩ ተነሣም አልተነሣም። ለአንተም ለሌላውም አንድ ነው። ካልተመቸህ ንገረኝ፣ አልቀየምህም።"

ኢዩኤል አንገቱን ደፋ። ጫማውን ያያል። ዙለይካ ወሬውን ከአሁኑ ትሰማዋለች፣ እስከ ማታ ነጌሌ ይደርሳል፣ ዙለይካ የአበዛሽን ልጅ ገንዘብ ጠየቀችው ይባላል፣ እናቷን ያስታመሙላትን ሴት ልጅ ይባላል፣ አባቷ በራቸው ላይ ተቀምጠው ይሰሙታል፣ ይባል፣ ይሰሙት፣ ከተናገረችው አንዲቱንም ቃል አትመልሳትም።

"ተመስገን" አለ ኢዩኤል።

"ምን አልክ?"

"ሌላ አስተማሪ ልፈልግ ነበር እኮ፣ ዙሌ። እንዴት ብዬ እንደምነግርሽ ጨንቆኝ ነው።" ቀና አለ፣ ፊቱ ቀልቷል። "ሁለት ጊዜ ገንዘቡን ፖስታ ውስጥ አድርጌ መጥቼ ነበር። ትቆጪኛለሽ ብዬ ይዤው ተመለስኩ። በነጻ እያስተማርሽኝ፣ ደክሞሽ ዓይንሽ ቀልቶ እያየሁ፣ ይህ አልገባኝም፣ ድገሚልኝ፣ እንዴት እልሻለሁ? እማዬም፣ አታድክማት፣ ዝም ብለህ ያለችህን አድርግ፣ ብላኛለች። ዝም አልኩ።"

"ምንድን ነው ያልገባህ?"

"አሁን ልጠይቅ?"

"አሁን ጠይቅ።"

እጁን ዘርግቶ ከፊቱ አየሩ ላይ መሪ የያዘ መሰለ። "ለማረፍ ስንወርድ አውሮፕላኑ አንዳንዴ ከሚገባው በላይ ይሰምጥብኛል። ከፍ እንዲልልኝ መሪውን ወደ ራሴ እስበዋለሁ። ስስበው ግን ይብስበታል፣ ይዝላል፣ ሊወድቅ ይመስላል። ለምንድን ነው? ያን ጊዜ አንቺ ሁልጊዜ መሪውን ቀስ አድርገሽ ወደ ፊት ትገፊዋለሽ፣ ከዚያ ይስተካከላል። የምታውቂው አይመስለኝም፣ ከሌላ ሰው ጋር በሬዲዮ እያወራሽም ታደርጊዋለሽ።" እጁን ጭኑ ላይ መለሰው። "እኔ አንድም ቀን አሳርፌው አላውቅም፣ ዙሌ። ጎበዝ ስትዪኝ ያሳረፍሽው አንቺ ነበርሽ።"

ዙለይካ ቀኝ እጇን አየችው። ይህ እጅ ኢዩኤል እስካሁን በበረረው አሥራ አራት ሰዓት ሙሉ ሳታውቀው የልጁን ሥራ ሲሠራለት ኖሯል፣ እሷም ቸኩላ፣ ሌላ ተማሪ እየጠበቃት፣ አንድም ቀን ከወረዱ በኋላ ቁጭ ብላ ምን ገባህ ምን አልገባህም አላለችውም፣ ዛሬ ደግሞ ይህንን እጅ ይዛ ልትወርድ ነበር። ደመናው ገፈፍ ቢልላቸው ኖሮ አሁን እሱ አየር ላይ ነው፣ ብቻውን፣ መሪውን ወደ ራሱ እየሳበ። ነጌሌ ላይ እኒያ ሴት ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው ስልካቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ይጠብቃሉ።

"ስንት ጥያቄ አለህ እንደዚህ ያለ?" አለችው። ድምጿ ተሰብሯል፣ አልደበቀችውም።

"የአሥራ አራት ሰዓት" አለ ኢዩኤል።

ከወዲያኛው ጥግ የአንድ አውሮፕላን ሞተር ተነሣ፣ ሌላውም ተከተለው፤ ማኮብኮቢያው እስከ ጫፉ ይታያል፣ ሰዎች ከመጠለያው እየወጡ ይሮጣሉ። ዙለይካ መዝገቡን ሳትፈርም ዘጋችው። ሰዓቷን አየች፣ ሦስት ከሃያ ይላል፣ ትምህርቱ የጀመረበት ብላ መዳፏ ላይ ጻፈችው። ከዚያ ከቦርሳዋ ወረቀትና እርሳስ አወጣች፣ አንድ አውሮፕላን ከጎኑ ሣለች፣ አፍንጫውን ቀና አድርጋ፣ ወረቀቱን በሁለቱ መሀል አግዳሚው ላይ አኖረችው።

"ከመጀመሪያው ጀምር" አለችው።